ሆኪ የማያውቁት የሆኪ ሽማግሌ

ጋሽ ሙሉነህ ባለፈው ወር አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁ። የተወለዱበት አገር ተጠራ። ካርቱም በስደት ሳሉ የተጣላ ሲያስታርቁ እንደኖሩ ተነገረ። ዳላስ ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ በእሳቸው ሽምግልና የተጋባው ሰው ብቻ ቤተክርስቲያኑን እንደሚሞላ ተነበበ። ሁሉም እውነት ነው። ሆኪ የምትል ቃል ግን አንዴም አልተጠራችም። ዋናውን ዘለውት ሲያልፉ ዝም ብዬ የምቆም ሴት አይደለሁም፤ አፌን ልከፍት ስል አጠገቤ የቆመው ልጄ ኢዮብ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ጠባዬን ያውቃል። ለሟች ክብር ብዬ ዋጥኩት።

አሁን ቤቴ ነኝ፣ ክንዴን የሚይዝ የለም። ልናገር።

ጋሽ ሙሉነህ የኢዮብ የክርስትና አባት ናቸው። ልጁን የወለድኩት ካርቱም ነው። አባቱ የልጁ አርባ ቀን ሳይደርስ በወባ ሞተብኝ። ለክርስትናው ማን ይቁምልኝ ብዬ ሳለቅስ ጎረቤቴ የነበሩት እኚህ ሰው፣ እኔ እቆማለሁ አሉ። ልብ በሉ፣ በተጠየቁበት ዕለት መልስ ሲሰጡ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሙሉነህን አንድ ነገር ጠይቆ በዚያው ቀን መልስ ያገኘ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሻይ ልቅዳልዎት ሲባሉ እንኳ "እስቲ እናያለን" ነው መልሳቸው። ሌክ ሃይላንድስ የሚኖሩበት አፓርትመንት ማናጀር የኪራይ ሊዙን ሪኒው ያደርጉ እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ከወገኖቼ ጋር ልማከር" ብለዋት፣ ምስኪን፣ እዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው ብላ ልትፈትሽ መጣች። እኔም አንድ ቀን ሚስት ነበረችዎት ወይ ብዬ ጠይቄአቸው "ቆይ አጫውትሻለሁ" እንዳሉኝ ሞቱ። ሲያናድዱ የማውቀው እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ እንዲያው ለምን አያሳጥሩትም?" ስላቸው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረግ ጠረግ ያደርጉና "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ብርቄ" ይሉኛል። ብርቅነሽ ነው ስሜ።

ሆኪው እንዴት መጣ ላላችሁኝ፣ በእኔ ሥራ ሰበብ ነው። ዳላስ ዳር አዲሰን ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነርስ ኤይድ ነበርኩ። ሰመር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን የማስቀምጥበት ስለሌለኝ አቅራቢያው ካለ ሞል አደርሰውና በብሬክ ሰዓቴ እየሮጥኩ አየው ነበር። ዛሬ ቢሆን ፖሊስ ይጠራብኛል። ሞሉ መሐል የበረዶ ሜዳ አለው። ውጪ አስፋልቱ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያ ውስጥ ሰው በብረት ጫማ ይንሸራተታል። አንዱ ሠራተኛ ልጁ ቀኑን ሙሉ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ አሳዘነው መሰለኝ፣ ያገለገለ ጫማ አውጥቶ ሰጠው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ኢዮብን ከበረዶ ላይ ያወረደው የለም። እያደገ ሲሄድ ዱላው መጣ፣ የራስ ቁሩ መጣ፣ አንዲት ጥቁር ጎማ ለመቀማት ከግድግዳ ጋር የሚላተሙበት ጨዋታ ውስጥ ገባልኝ።

ጋሽ ሙሉነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩት ሲመጡ የኤርፖርቱን ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰው ነበር። ብርድ አይችሉም። በዚያ ጃኬት የሜዳው ሠራተኛ መስለው ሰው ሁሉ ጫማ የት ነው የሚከራየው፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው ይላቸዋል። አንዱንም አላውቅም ብለው አልመለሱም፤ እየተነሱ አብረው ይፈልጋሉ። ጨዋታውን ትንሽ አይተው "ይሄማ የኛ የገና ጨዋታ ነው" አሉኝ። ወዲያው ኢዮብ አንዱን ልጅ ገፍቶ ጣለውና ዳኛው አስወጣው። እኔ ሐፍረት ሊገድለኝ ነው። እሳቸው መሐረባቸውን እያጣጠፉ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆኪ እውቀታቸው አንዲት ጋት አልጨመረም፤ ጎል ሲገባም የሚያጨበጭቡት ሰው አይተው ነው። ግን ሥራ ከሌላቸው አንድም ቅዳሜ አይቀሩም።

ኢዮብ እዚህ ስላደገ አንተና አንቱ አይለይም። "ጋሽዬ፣ አየኸኝ?" ይላቸዋል ከሜዳው ሲወጣ። እኔ በዓይኔ ስገርፈው "ተይው፣ ለእግዜርም አንተ ነው የምንለው" ይላሉ።

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ የፕሮፌሽናል ቡድን ከሰሜን ወደ ዳላስ ተዛወረ። ሆኪን በስም እንኳ የማያውቀው የቴክሳስ ሰው ባንድ ጊዜ አዋቂ ሆነ። ልጆች የሚመለምሉ ሰዎችም ወደኛ ሠፈር ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ኢዮብ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ፕሮፌሽናል ከመሆን ሌላ ምኞት አልነበረውም። ትምህርቱን ይማራል፣ ጎበዝም ነው፣ ግን ልቡ እዚያ አይደለም። ኮሌጅ ስለው "ኦኬ ማሚ" ይለኛል፣ ወሬ ለማስቀየር ያህል።

አንድ ነሐሴ ግሌን የሚባል ካናዳዊ ቤቴ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ፣ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። በካናዳ ምዕራብ ለሚጫወት የወጣቶች ቡድን ልጅ ይመለምላል። ጥብስ ሠርቼ አቀረብኩለት፣ አጣጥሞ በላ። ከዚያ ነገሩን አወጣ። ኢዮብን ሲጫወት አይቶታል፣ ይፈልገዋል። ልምምዱ በዚሁ ሳምንት ይጀመራል። ልጆቹ እዚያ ከቤተሰብ ጋር ይኖራሉ፣ ይማራሉ፣ ይጫወታሉ፤ ትልልቆቹ ሊጎች ውስጥ ካሉት ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የገቡት አለ። የቡድኑን ጃኬት ለኢዮብ ሰጠው። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ኢዮብ ጃኬቱን ወዲያው ለበሰው። ፊቱን ብታዩት። እኔም እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቶ የበላ እንግዳ በእኔ አገር እምቢ አይባልም። ደግሞስ ልጄ እንዲያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። እስክሪብቶውን አንስቼ፣ መፈረሜ ነው፣ ያኔ "አባቱ ሳይሰማ ነውር ነው" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አባቱ ያልኩት ጋሽ ሙሉነህን ነው። ኮል አደረግኩላቸው። ግሌን አባቱ እየመጣ ነው ስለው ደስ አለው፣ እንዲያውም በአንድ ጊዜ ይጨርሳል ብሎ ሰዓቱን አየ። አይ ግሌን።

ጋሽ ሙሉነህ ከሥራ እንደወጡ ብርቱካናማ ጃኬታቸውን ለብሰው መጡ። ቀስ ብለው ፓርክ አደረጉ፣ ቀስ ብለው ደረጃውን ወጡ፣ ሰላምታው ራሱ ሌላ እራት የሚያስበላ ነበር። ከዚያ ተቀመጡና በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ብርቄ፣ እኚህ ሰው ምን ፈልገው ነው የመጡት?"

"ኢዮብን ሊወስዱት።"

"ብቻቸውን ነው የመጡት?"

"አዎ፣ ብቻቸውን።"

"ልጅ የሚጠይቅ ሰው ብቻውን አይመጣም" አሉና ወደ ኢዮብ ዞሩ። "ንገራቸው። እኛ ዘንድ ልጅ ስጡኝ የሚል ሰው ሽማግሌ ይዞ ነው የሚመጣው። እሳቸውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይዘው ይምጡ። ልጁ ማን ቤት እንደሚያድር፣ ቢታመም ማን እንደሚያስታምመው፣ ነገሩ ባይሆን ማን እንደሚመልሰው ይንገሩን።"

ጋሽ ሙሉነህ ኤርፖርት ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ሽምግልና ላይ ግን ከአማርኛ ሌላ አይናገሩም። ኢዮብ መተርጎም ግዴታው ሆነ። ፊቱ ቀላ።

"ጋሽዬ፣ ይሄ ሰርግ አይደለም እኮ፣ ሆኪ ነው።"

"አውቃለሁ። ሰርግ ቢሆን እዚሁ ዳላስ በሆንክ፣ ናፍቀኸኝ ስመጣ አገኝህ ነበር።"

ኢዮብ ተረጎመ። ግሌን ዓይኑን አፍጥጦ ሰማና እኚህ ሰው ጠበቃ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሹፌር ናቸው አልኩት። ጋሽ ሙሉነህ ቀጠሉ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ እንገናኝ በላቸው።"

ኢዮብ በእንግሊዝኛ፣ ከነገ ወዲያ እንገናኝ ይላሉ አለ። ጋሽ ሙሉነህ መሐረባቸውን እያወጡ ለግሌን "ቱ ዊክስ" አሉት። የዚያን ቀን ከአፋቸው የወጣ እንግሊዝኛ ያ ብቻ ነው። ግሌን ልምምዱ እስከዚያ እንደሚያልቅ አስረዳ፣ ሌላ ልጅ ቦታውን ሊይዘው እንደሚችል በደንብ ተናገረ። ጋሽ ሙሉነህ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙትና ወደ ጃኬቱ ጠቆሙ። "ጥሎሽ ከእሺታ በፊት አይቀበሉም። መልስላቸው።"

ልጄ ያን ጃኬት ሲያወልቅ አንዱ እጅጌ አልወጣም ብሎት ሲታገል ትዝ ይለኛል። አጣጥፎ ለግሌን ሰጠው። ግሌን ከወጣ በኋላ ጋሽ ሙሉነህን "ሕይወቴን አበላሸኸው" ብሏቸው መኝታ ቤቱን ከፍቶ ገባ፣ በሩን በላያችን ላይ ጠረቀመው።

እኔም አልተውኳቸውም። "ጋሼ፣ ለልጄ ዕድል በስንት ጊዜ አንዴ ቢመጣ በቀጠሮ ይመልሱታል? ዕድል ሙሽራ ነው እንዴ ደጅ የሚጠና?" አልኳቸው። ሌላም ብያለሁ። አልተቆጡም። "የሽማግሌ ሥራ መከልከል አይደለም ብርቄ፣ ማዘግየት ነው። ልጠይቅለት" አሉና ወጡ።

ማንን ነው የሚጠይቁት ብዬ ነበር፣ ሆኪ የሚያውቅ ወዳጅ የላቸውም። ለካ ሻትሉ አለላቸው። ሽምግልና የሚያውቅ ሰው የሙሽራውን ወገን እየዞረ እንደሚያጣራ፣ እሳቸውም ከሻትላቸው ላይ ሳይወርዱ አጣሩ። ያ ሬሳ የሚያክለውን የሆኪ ቦርሳ የያዘ ሰው ሲሳፈር ቦርሳውን ራሳቸው ይጭኑለታል፣ ከዚያ የግሌንን ቡድን ይጠሩና በመስታወቱ እያዩት "ልጅዎ ቢሆን ይሰጡታል?" ይሉታል። ቡድኑ ጥሩ ነው ወይ ብለው አይጠይቁም። ልጅዎ ቢሆን ነው ጥያቄያቸው። አንዱ ስቆባቸዋል። አንዱ ዛሬውኑ ይላኩት ብሏል። አንዱ እዚያ ተጫውቶ ሃያ ዓመት ሲሞላው የተሸኘ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፣ ግን ልጄን አልልከውም አላቸው። ይሄን ሲነግሩኝ "እንዴት ነው ይሄ?" ብለው ሲያስቡ ዋሉ።

ከዚያ አንዲት ሴት ተሳፈረች፣ ወንድሟ የኮሌጅ ሆኪ ረዳት አሰልጣኝ ነው። ነገሩን ዘርዝራ የነገረቻቸው እሷ ነች። ሁለቴ አስደግመዋታል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው ብሎ እስኪጮህባቸው። ማታ ቤቴ መጥተው ለእኔ የነገሩኝ እንዲህ ነው።

ዐሥራ ስምንት የሞላውን ልጅ ትልልቆቹ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው በየተራ ይመርጣሉ። ያን ጊዜ ያልተመረጠ በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዕድል አለው። ሃያን ካለፈ ወዲያ መመረጥ አያስፈልገውም፣ ከወደደው ቡድን ጋር መፈረም ይችላል። "ሳትታጭ የቀረች ልጅ የወደደችውን እንደምታገባው" አሉ ጋሽ ሙሉነህ። ወደዚያ ምርጫ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የግሌን ነው፣ ሌላው ኮሌጅ። በግሌን መንገድ ያሉት ልጆች የኪስ ይሰጣቸዋል፣ ከመሐላቸውም የፕሮፌሽናል ውል የፈረሙ አሉ። ስለዚህ የአሜሪካ ኮሌጆች እዚያ አንድ ጨዋታ እንኳ የተሰለፈን ልጅ ፕሮፌሽናል ነው ብለው ይቆጥሩታል፤ የኮሌጅ ሆኪ በር ይዘጋበታል፣ ስኮላርሺፑም አብሮ።

"አየሽ" አሉኝ። "ለመመረጥ ገና ሕፃን ነው። በር ለሚዘጋበት ግን ትልቅ ሰው ነው።"

እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር እኮ። በነጋታው የኢዮብን አሰልጣኝ ሄጄ ጠየቅኩት። አዎ፣ እንደዚያ ነው፣ የምታውቁ መስሎኝ ነው አለኝ። እኛ ከየት እናውቃለን? እነሱ ከአያት ከቅድመ አያታቸው የሰሙትን እኛ ትናንት ከካርቱም የመጣነው ከየት እንሰማለን? ጥሩ ሰው ነው አሰልጣኙ፣ ግን የዚያን ቀን ምላሴን ቀምሷል። ያም ሆኖ ለኢዮብ ስነግረው ግድ አልሰጠውም። "ኮሌጅ ማን ፈለገ? ፕሮ መሆን ነው የምፈልገው" አለኝ። ለጋሽ ሙሉነህም ሰላም አይልም። ቅዳሜ ሜዳው ድረስ መጥተው ያዩታል፣ እሱ በሌላው በር ይወጣል። እሳቸው ጃኬታቸውን ለብሰው ለሰው መጸዳጃ ቤት ያሳያሉ።

ቀጠሮው ደረሰ። ግሌን አይመጣም ብዬ ነበር። የበር ደወል ተደወለ፣ ከፈትኩ፣ ግሌን ነው፣ ከኋላው የኢዮብ አሰልጣኝ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ማኪኒ ከተማ የሚኖሩ፣ ድሮ ግሌንን ያሠለጠኑት ሽማግሌ ፈረንጅ በከዘራ። ሽማግሌ ይዘው ይምጡ ተብሎ ሽማግሌ ይዞ መጣ፣ የኢዮብንም ቦታ ለሌላ ሳይሰጥ ጠብቆ። በዚያ ላይ ሦስቱም ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አሰልጣኙን፣ ኢትዮጵያውያን ጋ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ተቀመጥ እስኪባል ይቆማል ብለው ያስጠኑት ጋሽ ሙሉነህ ኖረዋል። እኚያን ሽማግሌ በከዘራቸው ቆመው ሳይ እኔ ቁጣዬ ሁሉ ጠፋ። ጋሽ ሙሉነህ ራሳቸው ተነስተው ደግፈው አስቀመጧቸው።

ኢዮብ እንደገና አስተርጓሚ ሆነ። ጋሽ ሙሉነህ ጠየቁ። ማን ቤት ነው የሚያድረው? ግሌን የሴትዮዋን ስም፣ የልጆቿን ብዛት፣ ምግብ አብስላ እንደምታበላ ተናገረ። ቢታመም? እሱንም መለሰ። "ባይመረጥስ?"

ብዙዎቹ አይመረጡም አለ ግሌን። ለትምህርት የምንረዳው ነገር አለ፣ እዚያው ካናዳ፤ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ ግን ከዚያ በኋላ አይቀበለውም።

"ይሄን ባለፈው ለምን አልነገሩንም?"

"አልጠየቃችሁኝም" አለ ግሌን። ኢዮብ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ።

"እውነት ነው፣ አልጠየቅንዎትም" አሉ ጋሽ ሙሉነህ። "ለዚህ ነው ቀጠሮ የተፈጠረው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።" ይቺን ለመተርጎም ኢዮብ ብዙ ተቸግሯል።

እኔ በዚህ አበቃ፣ እምቢ ይሉልኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ተነሱና ወንበራቸውን ከኢዮብ ፊት ለፊት አዙረው ተቀመጡ። "አሁን ልጁ ይጠየቅ" አሉ።

"ጋሼ፣ ምን ይጠየቃል? ልጅ ነው፣ የሚሻለውን አያውቅም" አልኩ።

"ብርቄ፣ እኔንና አንቺን ማን ጠየቀን? ከአገር ስንወጣ ማን ጠየቀን? ካርቱም ላይ ስማችንን ጠርተው ቴክሳስ ናችሁ ሲሉን ቴክሳስ ምን እንደሆነ የጠየቅነውስ ማንን ነው? የታዘዝንበት ስንሄድ ኖርን። ይሄ ልጅ አንዴ እንኳ ይጠየቅ። ካናዳ ካለ መርቀን እንሸኘዋለን።" ከዚያ ወደሱ ዞረው "ልጄ፣ ሁለቱን መንገድ ሰምተሃል። እግሩ ያንተ ነው። የትኛውን ትላለህ?" አሉት።

ኢዮብ ሁላችንንም አየን። ፈረንጆቹንም አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል አየሁት። "እስከሚመጣው እሑድ ጊዜ ስጡኝ" አለ። ግሌን ሳቀ፣ ልጃችሁ እሳቸውን ነው የወጣው አለ። ጋሽ ሙሉነህ አልሳቁም፤ መሐረባቸውን ፈልገው አጡት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ኢዮብ መልሱን የነገረው ለእሳቸው ነው፣ እኔ ከኋላ ደርሼ ነው የሰማሁት። ካናዳ አልሄድም አላቸው። በራሱ ሄዶ ሲጠይቅ ሰንብቷል፤ አሰልጣኙን፣ ግሌንን ራሱን በስልክ፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ። ሰሜን ስቴቶች ውስጥ ክፍያ የሌለበት የወጣቶች ሊግ አለ፣ እዚያ የተጫወተን ኮሌጅ ይቀበላል። "ረጅሙን ነው የምሄደው" አላቸው። የሚገርመው፣ ለዚያ ቡድን ደውሎ የሚመጣውን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት ያለው ግሌን ነው። እግዜር ይስጠው፣ የትም ይሁን።

መቼም አንባቢ መጨረሻውን ይፈልጋል፣ ልንገራችሁና ወደ ጋሽ ሙሉነህ ልመለስ። ኢዮብ በስኮላርሺፕ ኮሌጅ ገባ፣ ጨረሰ። ዘጠናዎቹ ሲያልቁ፣ ሃያን ያለፈ ነጻ ሰው ነበርና፣ ከዝቅተኛ የፕሮፌሽናል ሊግ ቡድን ጋር ፈረመ። ጥቂት ዓመት በአውቶቡስ ሲንከራተት ተጫወተ፣ ጥርሱን አስረከበ፣ ደስ ብሎት ተወው። ዛሬ ማኪኒ የሰዉን ልጆች ሆኪ ያሠለጥናል። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ትልቁ ሊግ ግን አንድም ቀን አልደረሰም። በግሌን መንገድ ቢሄድ ይደርስ ነበር ወይ? እኔ አላውቅም። ጋሽ ሙሉነህ ልክ ስለነበሩ አይደለም የማመሰግናቸው። የማመሰግናቸው ኢዮብ ዐሥራ ስምንት በሞላው ሰመር፣ በምርጫው ዕለት ስላየሁት ነገር ነው።

ኢዮብ ያኔ ከሰሜን መጥቶ ቤት ነበር። ምርጫው ሩቅ ከተማ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚካሄደው፤ የተመረጠ ልጅ ስልክ ይደወልለታል። አሰልጣኞቹ ወደመጨረሻው ላይ ስምህ ሊጠራ ይችላል ብለውት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሦስታችን ሳሎን ተቀመጥን፣ እኔ፣ እሱ፣ ፈቃድ ወስደው የመጡት ጋሽ ሙሉነህ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን እንጠብቃለን። አንዴ ጮኸ፣ ልባችን ቀጥ አለ፤ የማኅበር ጓደኛዬ ናት፣ የትልቁን ድስት ክዳን አየሽው ወይ ትለኛለች። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፣ እሷ ግን እስካሁን ታስታውሳለች። ሁለተኛ ጮኸ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ደወለ። አልቋል። ኢዮብን የመረጠው የለም። ደግሞ አይቀርምና፣ ካናዳ የሱን ቦታ ይዞ የተጫወተው ልጅ ተመርጧል።

ኢዮብ ስልኩን አስቀመጠ። ጋሽ ሙሉነህ ቀስ ብለው ተነሱ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ዞረው ቆሙ፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው። የስንቱን ይቅርታ ሲያስለምኑ አይቻቸዋለሁ፣ ለራሳቸው ሲቆሙ ግን አይቼ አላውቅም።

"ልጄ" አሉት። "የዚያን ቀን ጃኬቱን ያስወለቅኩህ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ነኝ ብዬ የማላውቀው ነገር ውስጥ ገባሁ። ዛሬ የተጠራው ያንተ ስም ሊሆን ይችል ነበር። ይቅር በለኝ።" ብለው እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

ኢዮብ ከሶፋው እንዴት እንደተነሳ አላየሁትም፣ መሬት ሳይነኩ በሁለት እጁ ያዛቸው።

"ጋሽዬ፣ ተው" አላቸው በዚያ ስብርብር ባለ አማርኛው። "እነሱ አልመረጡኝም፣ ኦኬ። ግን አንተ ጠየቅከኝ። እኔ አሰብኩ፣ እኔ መለስኩ። ስህተት ከሆነ የኔ ስህተት ነው። እሱን ከኔ አትውሰድብኝ።"

ጋሽ ሙሉነህ ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ። ቁመቱ በልጧቸው ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ስላልተመረጠ የማለቅስ መስሏቸው ሁለቱም ሊያባብሉኝ መጡ።